የኑዕማን እናት

እኛ ቤት ሰፈር የሚጠራው በማርክ ነበር፤ ባለ ዘጠኙና ባለ አምስቱ እየተባለ። ባሌ ጠሃ ካናዳ፣ ኤድመንተን የሚባል ከተማ ከገባ አራት ዓመቱ ነው። እኔና ልጆቹ የምንከተልበት ጉዳይ ወደ ማለቁ ሲቃረብ ሰውዬው በቤት ፍለጋ ሊያብድ ደረሰ። እዚያ አገር ትምህርት ቤት ከአሥር ማርክ ይሰጠዋል አሉ። ልጁ ሳይሆን ትምህርት ቤቱ ይፈተናል፣ ጉድ እኮ ነው! ዘጠኝ ያገኘ ትምህርት ቤት ያለበትን ሰፈር ባለ ዘጠኙ አልነው፣ አምስት ያገኘውን ደግሞ ባለ አምስቱ። እኔ ፍኖተ ሰላም ገበያ ውስጥ ሻሽና ድሪያ እሸጣለሁ፤ ሱቄን ልዘጋ ስል እሱ ከእንቅልፉ ይነሳና ይደውልልኛል። ኔትወርክ ካለ ነው ታዲያ።

«ናዚፋ፣ ባለ ዘጠኙ መዋኛ አለው» ይለኛል።

«የምን መዋኛ? በረዶ ነው ስትለኝ አልነበረም እንዴ?»

«ቤት ውስጥ ነው እኮ።»

«ጎረቤቱስ ማነው?»

«ኧረ እባክሽ፣ እዚህ አገር ጎረቤቱን ማን ያውቃል!»

«እንግዲያማ ቤት እንጂ ሰፈር መች መረጥክ?»

እንዲህ ስንነታረክ ነው የምናመሸው። በእኛ በኩል ደግሞ አንድ ቀን መንገድ ተዘጋ ይባላል፣ በማግስቱ ተከፈተ ይባላል። የትንሹ ልጄ የኑዕማን ትምህርት ቤትም እንደ መንገዱ ነው፤ ሲከፈት ሲዘጋ ልጁ ሀ ሁን ጀምሮ ይረሳል፣ እንደገና ይጀምራል። እኔ ቁጭ ማለት አቃተኝ። ሻንጣ አወጣለሁ፣ እሞላለሁ፣ መልሼ እዘረግፋለሁ። ሴት ሻሽ ልትገዛ ስትመጣ ዋጋውን ሳልነግራት «ውጭ አገር ዘመድ አለሽ? ልጆቹ እንዴት ሆኑ?» እያልኩ አደርቃታለሁ። የጎን ባለ ሱቁ ስሜነህ «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» እያለ ያሾፍብኛል። የት አባቱ! እሱ የራሱን ሱቅ ይጠብቅ።

እውነቱን ለመናገር ግን እንቅልፍ የነሳኝ ሰፈሩ አልነበረም። እንቅልፍ የነሳችኝ ናጂሃ ናት።

ናጂሃ የመጀመሪያ ልጄ ናት፣ ስምንት ዓመቷ። የምትኖረው ቡሬ ነው፣ ከአማቴ ከዓፊፋ ጋር። ጠሃ ለእናቱ አንድ ነው። በእኛ ዘንድ ደግሞ አንድ ልጃቸው አግብቶ ሲወጣ ቤታቸው እንዳይጨልም የመጀመሪያዋን የልጅ ልጅ አያት ይወስዳሉ። «ጡት ካስጣልሻት በኋላ ትንሽ እኔ ጋ ትቆይ» አሉኝ። ትንሽ! ሰጠኋት ብል ውሸት ነው፣ ቀሙኝ ብልም ውሸት ነው። አማት ሲጠይቁ እምቢ የሚባልበት አፍ የት አለ? ኑዕማንንም አርግዤ ታምሜ አልጋ ይዤ ነበር። ልጅቷ አፏን የፈታችው እዚያ ነው። አያቷን «እማ» አለች። እኔን ደግሞ ሰው ሁሉ ናዚፋ ሲለኝ ትሰማ ነበርና ናዚፋ አለችኝ። ስንት ቤት አለ እንዲህ! ሰው ሲሰማ ይስቃል፤ እኔም አብሬ እስቅ ነበር። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

ጉዳያችንን የያዘው መሥሪያ ቤት ከልጆቹ ጋር በቪዲዮ ሊያነጋግረን ቀን ቆረጠ። ናጂሃን ከቡሬ አመጣኋት፣ ጸጉሯን ሠራኋት፣ ከሱቄ ውስጥ የሚያምረውን ሻሽ አሰርኩላት። ስልኩን የስኳር ጣሳ ላይ አስደግፌ ቁጭ አልን። አንድ ራሰ በራ ፈረንጅ ብቅ አለ፤ ከጎኑ የምታስተረጉምለት ልጅ ሄቨን ትባላለች። እዚያው አገር የምትኖር ያዲስ አበባ ልጅ ናት፤ አነጋገሯ እንደሆነ ይፈጥናል። ኑዕማንን ሁለት ሦስት ነገር ጠየቁትና ሳቁለት። ከዚያ ወደ ናጂሃ ዞሩ።

«ሃይ ቆንጆ! ስምሽ ማነው?» አለቻት ሄቨን።

«ናጂሃ ጠሃ።»

«ዋው! ከማን ጋር ነው የምትኖሪው?»

«ከእማ ጋር።»

«እማ አሁን የት ናት?»

«ቡሬ።»

«ኦኬ። አጠገብሽ ያለችውስ ማናት?»

ናጂሃ ቀና ብላ አየችኝ። እኔ በዓይኔ ለመንኳት። ልጄ መዋሸት አትችልበትም፤ እንደዚያ አድርገው ነው ያሳደጓት። «ናዚፋ ናት» አለች። ፈረንጁ እንዲገባው ብላ ደግሞ ጨመረችበት፤ «የኑዕማን እናት።»

ምድር ተከፍታ በዋጠችኝ! ጣሳውን ገፍቼ ስልኩን ያዝኩት። «እኔ ነኝ የወለድኳት! አማቴ ናቸው ያሳደጓት፤ አያቷን ነው እማ የምትለው! በእኛ አገር እንዲህ ነው፣ ንገሪው እንጂ!» ብዬ ጮህኩ። ሄቨን «እህቴ፣ ተረጋጊ፣ የእኔ ሥራ መተርጎም ብቻ ነው» አለችኝ። ያልኩትን ተረጎመችለት። ሰውየው ራሱን ነቀነቀ፤ የነቀነቀው ግን ሰምቻለሁ ለማለት እንጂ አምኛለሁ ለማለት አልነበረም። ወይ አዲስ አበባ ሄደን እናትነቴን የሚያሳይ የደም ምርመራ እናሠራለን፣ ወይ ልጅቷ በሚቀጥለው ሳምንት ደግማ ትጠየቃለች አለ። አዲስ አበባ! መንገዱ ከደምበጫ ወዲያ ተዘግቷል በተባለበት ሰሞን። ቢከፈትስ፣ የደሙ ውጤት እስኪመጣ የልጆቹ የትምህርት ቤት ምዝገባ ያልፋል። በሚቀጥለው ሳምንት ትጠየቅ አልኩ።

በዚያው ምሽት ጠሃ ደወለ። ድምፁ ቀጥ ያለ አልነበረም። ሰውዬው አንድ ነገር ሲደብቅ ጉሮሮውን ይጠርጋል።

«ባለ ዘጠኙ ጋ ለኑዕማን ቦታ አለ» አለና ጉሮሮውን ጠረገ። «የናጂሃ ክፍል ግን ሞልቷል። ባለ አምስቱ ለሁለቱም አለው።»

«እና?»

«እናማ… ናጂሃ ለአንድ ዓመት እናቴ ጋ ብትቆይስ? እሷንም ሳይጨንቃት፣ እናቴንም ሳይከብዳት። አንቺ ኑዕማንን ይዘሽ ትመጪያለሽ፣ ባለ ዘጠኙን እንይዛለን፣ ከዚያ ቀስ ብለን…»

«በእናንተ ቤት ትንሽ ማለት ስንት ዓመት እንደሆነ እኔን ነው የምታስተምረኝ?» አልኩት። «አንተስ ሁለት ዓመት ብለህ አይደል የሄድከው? ስማ ጠሃ። ናጂሃ ካልሄደች እኔም አልሄድም። ወላሂ ብዬሃለሁ! መዋኛህ ውስጥ ብቻህን ዋኝ!» ዘጋሁበት። የማልኩት መሐላ የእውነት ነበር።

ሲነጋ ናጂሃን ይዤ ቡሬ ወረድኩ። አማቴ ግቢያቸው ውስጥ በርበሬ ይቀነጥሳሉ። ናጂሃ ገና ከበሩ «እማ!» ብላ ሮጣ ጉልበታቸው ላይ ወደቀች፤ እሳቸውም በርበሬ የነካ እጃቸው ዓይኗን እንዳያቃጥላት ክንዳቸውን ወደ ላይ አንስተው በክርናቸው አቀፏት። እኔ ቆሜ አየሁ። ቀናሁ፤ ምን ልዋሽ።

ዓይኔን በጨው አጥቤ፣ ደግማ ስትጠየቅ ናጂሃ እኔን እማ እንድትል ይንገሩልኝ አልኳቸው። ናጂሃ እንዳትሰማ ጎረቤት ልከዋት ነው ያስጀመሩኝ።

«ልጅቷ ዋሸች?» አሉኝ ቀና ሳይሉ።

«አልዋሸችም፣ እማማ።»

«ታዲያ እንድትዋሽ እንዳስተምራት ነው የመጣሽው?»

«እኔ አልወለድኳትም?»

«ወልደሻታል። ማን ካደ?» አንዷን በርበሬ ቀንጥሰው ጣሉ። «ጠሃ ትናንት ደውሎልኝ ነበር። ለአንድ ዓመት እኔ ጋ እንድትቆይ ጠየቀኝ። ደስ አለኝ። ሌቱን ሙሉ ደስ ብሎኝ አደርኩ፣ አልዋሽሽም።»

ያ ሰውዬ ከእኔ ቀድሞ እናቱ ጋ ደውሏል! አፌን ልከፍት ስል እሳቸው ቀደሙኝ።

«ሰፈሩስ እንዴት ያለ ነው?»

ስለ ማርኩ ነገርኳቸው፤ ዘጠኝና አምስት፣ መዋኛው፣ ሁሉንም። እጃቸውን አወናጨፉ። «እሱን ተይው። ልጅ መንገድ ላይ ወድቃ ብታለቅስ ማን ወጥቶ ያነሳታል?»

እኔም ቁጭ ብዬ በርበሬ መቀንጠስ ጀመርኩ።

«አንቺን ለጠሃ ስናጭ ያባትሽን ሰፈር ዝም ብለን አልገባንበትም። ሰው ልኬ፣ የማይታወቅ ሰው፣ እዳር ቁጭ ብሎ እንዲያይልኝ አደረግሁ። ውሃ የቀዱ ሴቶች ሰላም ይባባላሉ ወይ፣ ልጆች ሲደባደቡ የሚገላግል ትልቅ ሰው ይወጣል ወይ ብዬ። ሰፈር እንዲያ ነው የሚታየው። ጠሃ ሄዶ ይቁምና ይይ።»

ስለ ዋናው ነገር እሺም እምቢም ሳይሉኝ መኪና እንዳያመልጠኝ አስነሱኝ። ናጂሃን ልጠራት ብል «ደክሟታል፣ እዚህ ትደር» አሉ። ባዶ እጄን ተመለስኩ። እመንገድ ላይ ሁሉ በልቤ ስሳደብ መጣሁ፤ ባሌንም፣ አማቴንም፣ ፈረንጁንም አንድ በአንድ አዳረስኳቸው።

ጠሃ የእናቱን ቃል ስነግረው ሳቀ። «እኔ እዚህ አገር ሰው ሰፈር ሄጄ ዝም ብዬ ልቁም? ፖሊስ ይጠሩብኛል እኮ!» አለ። ቢስቅም የእናቱን ቃል አያፈርስም። ቅዳሜ ሄዶ ቆመ፤ በረዶ ላይ፣ ጠዋት ባለ ዘጠኙ፣ ከሰዓት ባለ አምስቱ።

«ባለ ዘጠኙ ጋ አንዲት ሴትዮ ከነውሻዋ መጥታ መንገድ ጠፍቶህ ነው ወይ ብላ ጠየቀችኝ» አለኝ።

«እሰይ! ደግ ሰው ናት።»

«ምን ደግ ናት፣ ዞራ ስትመለስ እዚያው ብታገኘኝ ፎቶ አነሳችኝ።»

ሳቄ መጣ፤ ሰንብቶብኝ ነበር ሳቅ። «ባለ አምስቱስ?»

«ልጆች በኳስ ጭንቅላቴን መቱኝ። አንዲት ሱማሌ አሮጊት ከደረጃ ላይ ሆና ጮኸችባቸው። ከዚያ በእኔም ላይ ጮኸች፣ አንተ የማን አባት ነህ፣ ለምን ቆምክ እያለች።»

«ያዘው» አልኩት።

«ናዚፋ፣ ማርኩ አምስት እኮ ነው።»

«ያዘው አልኩህ። ለሁለት ልጅ።»

«ናጂሃ ካለፈች ነዋ» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ። እሱንስ እኔም አውቀው ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለውን ቀን እንዴት እንደገፋሁት አላህ ነው የሚያውቀው። ሱቅ እከፍታለሁ፣ እዘጋለሁ፣ መናኸሪያ ሄጄ የቡሬ መኪና ገባ ወይ እላለሁ። ቃለ መጠይቁ ሦስት ቀን ሲቀረው ጋሪ ደጃፌ ላይ ቆመ። አማቴ ወረዱ። ናጂሃን በአንድ እጃቸው ይዘዋል፣ በሌላው ደግሞ ትልቅ ጓዝ። ልብሷን ሁሉ ጠቅልለው አምጥተዋል፤ ሲያጥር ያወለቀችውን ሳይቀር።

ናጂሃ ከኑዕማን ጋር ልትጫወት ስትወጣ ተቀመጡና «ጠሃ ሁለት ዓመት ብሎኝ ነው የሄደው» አሉ። «የሱ ዓመት ስንት እንደሚሆን እኔም አውቄያለሁ። ብሞት መንገድ ተዘግቶ ልጅቷን ማን ይሰበስብልኛል? አሰብኩት። ትሂድ።»

እጃቸውን ልስም ተንደረደርኩ፤ ቀሙኝ።

«አሁን ስሚኝ። እማ በያት ብላት አትልም። ልጅ እማ የምትለው ለሚመልስላት ነው። እኔ አልመልስም። አንቺ መልሺ።»

መጀመሪያ አልገባኝም ነበር። ትንሽ ቆይታ ናጂሃ ገባችና «እማ፣ ውሃ ጠማኝ» አለች። አማቴ መስበሃቸውን ይቆጥራሉ። «እማ!» ዝም። ቀሚሳቸውን ያዘች፣ ጎተተች። ዝም። ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። እኔ ውሃውን ቀድቼ «እንኪ ልጄ» አልኳት፤ ኩባያውን ሳትነካው እሳቸው እግር ሥር ቁጭ አለች። እንዳልሰሙ ናቸው። ልጅቷ ሳትጠጣ ዋለች።

እንዲህ ሰነበትን። ትጠራለች፣ አይመልሱም። ታለቅሳለች፣ አይመልሱም። ምግብ ከእጄ አልበላም ስትል ኑዕማን እየሰረቀ ያጎርሳታል። ስትተኛ ብቻ አማቴ ተነስተው ብርድ ልብሷን ያስተካክላሉ፤ ስትነቃ ደግሞ እንግዳ ይሆናሉ። እኔ ነኝ ያላስቻለኝ። «እማማ፣ በአላህ ይሁንብዎ፣ ይመልሱላት! ይቅርብኝ ካናዳው!» አልኳቸው። «አንቺ ነሽ የጠየቅሽኝ» አሉኝ። ከንፈራቸው ደርቋል፤ እሳቸውም ከልጅቷ ጋር ምግብ ትተው ኖሯል።

የቃለ መጠይቁ ዕለት ጠዋት ናጂሃ ከመኝታዋ ተነስታ መጥታ ፊታቸው ቆመች። እጇን ወገቧ ላይ አድርጋለች።

«ዓፊፋ!» አለች።

ክው አልኩ። ቡሬ ላይ ሽበት ያለው ወንድ እንኳ እማማ ብሎ፣ አንቱ ብሎ ነው የሚጠራቸው። በስማቸው ብቻ የጠራቸው ሰው በሕይወቴ አልሰማሁም።

«አቤት» አሉ አማቴ። በእነዚያ ቀናት ሲመልሱላት ይህ የመጀመሪያው ነው።

ናጂሃ እጇን ከወገቧ አወረደች። ሌላ መልስ ነበር የጠበቀችው። ወደ እኔ ዞረችና ፊቷ ላይ ምንም ነገር ሳይኖር «እማ፣ ውሃ ስጪኝ» አለችኝ። ስምንት ዓመት የጠበቅኳት ቃል ናት። ውሃውን ስቀዳ ግማሹን እግሬ ላይ ደፋሁት። ደስታ አልነበረም።

ሰዓቱ ሲደርስ ጣሳው ላይ ስልኩን አስደገፍን። ሄቨን ናት፣ ፈረንጁም ያው ነው። አማቴ ከኋላችን አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል።

«ናጂሃ ቆንጆ፣ አጠገብሽ ያለችው ማናት?»

«እማ ናት። ስሟ ናዚፋ ነው።»

ፈረንጁ ወደ ካሜራው ጠጋ አለና ጣቱን ወደ ኋላችን ቀሰረ። ሄቨን «ከኋላ ያሉት እናትስ?» አለች።

«ዓፊፋ ናት።» ናቸው እንኳ አላለችም።

«ምንሽ ናቸው?»

ናጂሃ ዞር ብላ አየቻቸው። «አላውቃትም» አለች።

ሄቨን መተርጎሟን ረስታ ቀረች። እኔ ቶሎ ብዬ «የባሌ እናት ናቸው፤ አኩርፋቸው ነው፤ ያሳደጓት እሳቸው ናቸው» አልኩ። ፈረንጁ ሲነገረው ፊቱ ተለወጠ፤ መነጽሩን አወለቀ፣ ዓይኑን አሸ። ሌላ አልጠየቀም። ከተነጋገሩ በኋላ ሄቨን «እህቴ፣ ተቀብሎታል፤ ሁለቱም ልጆች አልፈዋል» አለችኝ። የእሷም ድምፅ ልክ አልነበረም።

ዘወር ብዬ አማቴን አየሁ። «ደግ» ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ለሁለቱም ቦታ አለው ነው ያልሽኝ ትምህርት ቤቱ?»

«አለው፣ እማማ።»

«አልሐምዱሊላህ።» ሻሻቸውን አጥብቀው ተነሱ። «እንግዲህ መኪና ሳያመልጠኝ።»

«ኧረ ይደሩ! ምን ሲባል!»

«ካደርኩ ይፈርሳል።»

ኑዕማንን ሳሙት። ናጂሃ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ቆማለች፤ ጀርባዋን አዩት፣ እጃቸውን ዘረጉ፣ መለሱት። በሩ ላይ ባጃጅ አስቆምኩላቸው። ስንሰነባበት እኔ አለቀስኩ፣ እሳቸው አላለቀሱም።

ባጃጁ ሲነሳ ናጂሃ ከቤት ወጣች። በባዶ እግሯ ነበረች። መንገዱ መሀል ቆማ «እማ!» ብላ ጮኸች፤ ገበያው ሁሉ እስኪዞር ድረስ። ባጃጁ ቆመ። ከዚያ ከኋላ መቀመጫው የአማቴ እጅ ወጣና የሹፌሩን ትከሻ መታ መታ አደረገው። ባጃጁ ሄደ።

«ወዬ ልጄ፣ እዚህ ነኝ» አልኳት። ዞራም አላየችኝ፤ ልትሮጥ ስትል ከኋላዋ ያዝኳት። ታገለችኝ። ክንዴን ነከሰችኝ፣ ጥርሷ እስኪገባ። አልለቀቅኳትም።